በአማርኛ የቆለፍኩት ላፕቶፕ

የዚያን ቀን ጠዋት የሠራሁትን ጅልነት ለመሥራት ሰው ወይ በጣም መማር አለበት፣ ወይ ጨርሶ አለመማር። መሀል ላይ የቀረሁት እኔ እንዴት እንደቻልኩበት እስካሁን ይገርመኛል። የልጄን ላፕቶፕ በይለፍ ቃል ቆለፍኩት፤ ቃሉንም በአማርኛ ፊደል ጻፍኩት።

ላፕቶፑ የሁለታችን ነው። ዲምቱ ከተማ የምታስተምረው ልጄ የማስተርስ ጽሑፏን ትሠራበታለች፤ እሷ ሳትኖር እኔ ትዝታዬን እጽፍበታለሁ። ትዝታዬ ውስጥ ስለ እሷም፣ ስለ ሟች እናቷም፣ ስለ ጎረቤቱም ያላልኩት የለም። እንዳታነብብኝ ብዬ ዲስኩን በሙሉ የሚቆልፍ ፕሮግራም ከኢንተርኔት አውርጄ ጫንኩ። ፕሮግራሙ የማልረሳውን ረጅም ዓረፍተ ነገር እንድመርጥ ጠየቀኝ፤ መረጥኩ። ለክፉ ቀን የሚሆን ማስነሻ በፍላሽ ያዝ ሲለኝ ግን፣ አሁን ፍላሽ ፍለጋ ማን ይነሣል ብዬ እዚያው ላፕቶፑ ላይ አስቀመጥኩት። ቁልፉን ቤት ውስጥ ትቶ በሩን የሚዘጋ ሰው ካያችሁ ሰላም በሉልኝ፤ ዘመዴ ነው።

አጥፍቼ ሳበራው ጥቁር ስክሪን ላይ ቃሉን ጠየቀኝ። እዚያ ላይ የሚቀበለው የፈረንጅ ፊደል ብቻ ነው። አማርኛ የሚገባው ከተነሣ በኋላ ነው፤ እንዲነሣ ደግሞ አማርኛው ያስፈልገዋል።

ልጄ ከዲምቱ ስትገባ ላፕቶፑን በጋቢ ሸፍኜ ጠበቅኋት።

«አባባ፣ ይሄ ምን ሆኗል?»

«ደክሞት ነው።»

«ሰኞ የጽሑፌ ዲፌንስ አለብኝ። የመጨረሻው ምዕራፍ ያለው እዚህ ውስጥ ብቻ ነው።»

ያደረግሁትን ነገርኳት። ሰምታ ጨረሰችና፣ «የጻፍከውን አንድም ቀን አንብቤው አላውቅም። አሁን ግን ከተከፈተ ቃል በቃል አነበዋለሁ» አለችኝ።

መናኸሪያው አጠገብ ያለው ጠጋኝ ገና አይቶት፣ «ፎርማት ማድረግ ነው፤ ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል» አለ። ልጄ ላፕቶፑን ከእጁ ነጠቀችው። «እንግዲህ የቀረችው እሷ ናት» አለችኝ። ማን እንደሆነች አልጠየቅሁም።

አምና የዚህኑ ላፕቶፕ ባትሪ የቀየረችልን ሴት ናት። በሳምንቱ ቻርጅ አላደርግ ሲለኝ፣ ደህናውን ባትሪዬን ወስዳ አሮጌ ከተተችበት ብዬ አወራሁ። ያወራሁትም ቅርጫ ላይ ነው፤ ሥጋው እስኪመደብ ሁሉም ቆሞ ጆሮውን በሚሰጥበት ሰዓት። ከወር በኋላ የቻርጀሬን ገመድ አይጥ እንደበላው አገኘሁ። ገመዱን አስጠገንኩ። ወሬውን አላስጠገንኩም።

ሱቋ ስንገባ «ሳሮ» አልኳት፣ በወላይትኛ።

«ምን ልርዳዎት?» አለችኝ፣ በአማርኛ። ሶዶ ውስጥ የሚያውቅህ ሰው በአገርህ ቋንቋ ሰላም ስትለው በቢሮ አማርኛ ከመለሰልህ፣ በሩን ፊትህ ላይ ጠረቀመው ማለት ነው።

«ባትሪ የሚሰረቅ አለ እንዴ ዛሬ?» ጨመረችበት።

ልጄ በእኔ ፈንታ አስረዳቻት። ሴትየዋ ለእሷ ስትል ተቀበለች። ብሎኖቹን ፈትታ ዲስኩን አወጣችና በገመድ ከራሷ ኮምፒውተር ጋር አገናኘችው፤ ያንኑ ፕሮግራምም ጫነችበት። «የእኔው ተነሥቷል፣ አማርኛ ይጽፋል። ቃሉ ትክክል ከሆነ ይከፈታል» አለች። ከዚያ እጇን ኪቦርዱ ላይ አድርጋ፣ «ይንገሩኝ» አለችኝ።

ኪቦርዱን ወደ እኔ ሳብ አደረግሁ። «እኔው ልጻፈው።»

«በእኔ ኪቦርድ ሌላ ሰው አይጽፍም። እርስዎማ!»

«በወረቀት ልስጥሽ?»

«ጋሼ፣ ሰው ይጠብቀኛል።»

እውነትም ከኋላዬ ስልኩን ሊያሠራ የመጣ ሰው ቆሟል፤ ዞር ብዬ ሳየው የቅርጫ ጓደኛዬ ነው። እግዜር ሲቀጣ እንዲህ ምስክር አዘጋጅቶ ነው።

«አባባ፣ ተናገር!» አለች ልጄ።

«ባትሪዬን...» አልኩ። ጻፈች።

«የሰረቀችው...» ጣቷ ቆመ። ቀና ብላ አላየችኝም። ጻፈች።

«እሷ ናት።»

የማልረሳውን ዓረፍተ ነገር ምረጥ ተብዬ፣ በየቀኑ የምለውን ነበር የመረጥኩት።

«በየቃሉ መሀል ክፍተት አለው?» አለችኝ፣ እንደ ሐኪም።

«አለው።»

«መጨረሻው ላይ አራት ነጥብ አድርገዋል?»

«አድርጌያለሁ።» ስም ሳጠፋ እንኳ ሥርዓተ ነጥብ አልረሳም።

ተከፈተ። ልጄ ስክሪኑ ላይ ተደፍታ ምዕራፏን ፈለገች፤ አገኘች፤ ከእኔ ትዝታ ጋር በሁለት ፍላሽ ገለበጠችው። እኔን ግን አላየችኝም።

እጄን ኪሴ ስከት ሴትየዋ እጇን አነሣች። «ገንዘብዎን አልፈልግም። ቅርጫ ላይ ያሉትን እዚሁ ይመልሱ። በዚያው ድምፅ።»

«የቻርጀሩ ገመድ ነው... አይጥ... እሷ አልሰረቀችም» አልኩ።

«ምን አለ?» አለ የቅርጫ ጓደኛዬ ልጄን።

«እኔም አልሰማሁም» አለች ሴትየዋ፣ ብሎኑን እያጠበቀች። «ስድቡን ለገበያ፣ ይቅርታውን ለጆሮ? ግማሹን ከፍለዋል። ግማሹን ሌላ ቀን ይዘው ይምጡ።»

መንገድ ላይ ልጄ ከፊት ከፊት ሄደች። ባጃጅ ውስጥም ከሹፌሩ ጎን ተቀመጠች። ሰኞ ዲፌንሷን አቅርባ አለፈች፤ ይህንንም የሰማሁት ከጎረቤት ነው። ትዝታዬንም፣ እንዳለችው፣ ቃል በቃል አንብባዋለች። ስለ እናቷ የጻፍኩት ላይ አንድ ስህተት አርማልኛለች። ስለ ራሷ የጻፍኩት ላይ ምንም አላለችም፤ እሱ ነው የሚያስፈራኝ።

ለጠጋኟ ደግሞ «እሷ አልሰረቀችም» የሚለውን አንድ ዓረፍተ ነገር ጮክ ብሎ መናገር ይቀረኛል። ሁለቴ ሱቋ በር ድረስ ሄጄ ነበር፤ ሁለቴም ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ የሚሰማኝ ሰው የለም ብዬ ተመለስኩ። ሰው ግን ነበር።