የማይነበብ ጣት

እትዬ ገመድ ሃያ አንድ ቀን ሙሉ እጇን በጨርቅ ጠቅልላ ስትቀመጥ ምን ታስብ ነበር? ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። የእኛን ቤት ከእሷ ቤት የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። ስትስል እሰማለሁ፤ ከራሷ ጋር ስታወራም እሰማለሁ። በእነዚያ ቀናት ግን ድምፅ አልነበራትም።

ስሙን ያወጣላት ሥራዋ ነው። ቃጫ ትፍቃለች፣ ታደርቃለች፣ ከዚያ ጭኗ ላይ እያሸች ትገምዳለች። ባሏ ከሞተ አሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ ልጅ የላትም። ገመዱን ገበያ ወስዶ የሚሸጥላት የባሏ ወንድም ነበር። ሰፈሩ “ጋሼ ሚዛን” ይለዋል። ሚዛን ኖሮት አይደለም፤ ለሰው ሲሰጥ ቆንጥሮ፣ ለራሱ ሲያስቀር ዘግኖ ስለሆነ ነው። ስንት እንደተሸጠ አንድ ጊዜ ብትጠይቀው “አታምኚኝም ማለት ነው?” ብሎ ሁለት ገበያ ሳይሸጥላት ቀረ። ከዚያ ወዲህ የሰጣትን ተቀብላ ማመስገን ብቻ ሆነ።

ስለዚህ ለሴቶች የስልክና የቁጠባ ሥልጠና ሊሰጥ ነው ሲባል ከሁሉም ቀድማ የተመዘገበችው እሷ ናት። ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ሲወጡ፣ ሠላሳ ሴቶች በሕፃናት ወንበር ላይ ጉልበታቸው አገጫቸውን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ተቀምጠው ይማሩ ነበር። ቁጥር ማንበብ፣ መልእክት መክፈት፣ ገቢና ወጪ መለየት። በሦስት ወር ውስጥ እሷ ሌሎቹን ማስረዳት ጀመረች። ከከተማ የመጣ ገዢ ሠልጣኞቹ ያቋቋሙትን ማኅበር ገመድ በሙሉ ሊወስድ፣ የእያንዳንዷንም ድርሻ በየስሟ በሚከፈት የቁጠባ ሂሳብ ሊያስገባ ተስማምቷል። በስሟ የሚገባ፣ መሃል ላይ ማንም የማይነካው ገንዘብ። እትዬ ገመድ ከዚህ ሌላ የፈለገችው ነገር አልነበረም።

ሂሳቡ የሚከፈተው ግን በአሻራ ነው። መዝጋቢው ጠረጴዛው ላይ መስታወት ያላት ትንሽ መሣሪያ አስቀምጦ ጠራት።

“እትዬ፣ ጫን ያድርጉት።”

“ጫንኩት እኮ። ልሰብርልህ ነው?”

አሥሩንም ጣቶቿን ሞከረ። መሣሪያዋ ቀይ ብቻ ታበራለች። በመጨረሻ እጇን ገልብጦ አየው። የዓመታት ቃጫ የጣቶቿን መስመር ሁሉ ልጦ እንደ ወንዝ ጠጠር አለስልሶታል።

“አሻራዎን የት አደረሱት?” አለ፣ እንደ ቀልድ።

“ገመዱ ውስጥ ነው። ገዢውን ጠይቀው።”

አሠልጣኟ ግን አልሳቀችም። ወደ ጎን ወስዳ “ሦስት ሳምንት ሥራ የሚባል አይንኩ። በቅባት እያሹ ጠቅልለው ያቆዩት፤ ቆዳው ይመለሳል” አለቻት።

እናቴ ውሃዋን እየቀዳችላት፣ እህሏን እያስፈጨችላት እትዬ ገመድ እጇን ጠቅልላ ተቀመጠች። ጋሼ ሚዛን አንድ ቀን መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

“ምነው፣ እንደገና ሙሽራ ሆንሽ እንዴ?”

“አዎ። ባሉን ግን ገና አልመረጥኩም።”

“ገበያው ቁጭ ብሎ የሚጠብቅሽ መስሎሻል።”

“አንተን ምን ቸገረህ? የምትሸጠው አጣህ?”

ፊቱን አዙሮ ሄደ።

በሃያ ሁለተኛው ቀን የግራ እጇ ትንሿ ጣት ስትነካት መሣሪያዋ አረንጓዴ አበራች፤ ሂሳቡ ተከፈተ። ማታውን የመጀመሪያው መልእክት ደረሳት፤ “ውድ ደንበኛችን” ይላል። ስልኩን ይዛ ወደ እናቴ መጣች። “ውድ አሉኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ርካሽ ነበርኩ” ብላ ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ ያለፋትን ቀን ለማካካስ ሁለት ወር ያለ እረፍት ገመደች። ገዢው ቃሉን ጠበቀ፤ ገንዘቡ በስሟ ገባ። በየጊዜው ስልኳን እየከፈተች ቁጥሩን ታነባለች። ጣሪያዋ ስለሚያፈስ ቆርቆሮ መግዣ ልታወጣ ወደ ቁጠባው ቢሮ ሄደች። ገንዘብ ለማውጣትም አሻራ ይጠየቃል። መሣሪያዋ ቀይ አበራች።

“ባለፈው አንብባው ነበር እኮ” አለች።

“ባለፈው ሥራ አልሠሩም ነበር” አላት ከፋዩ።

“ታዲያ ገንዘቡ ከየት የመጣ መሰለህ?”

ልጁ ክፉ አልነበረም። ያለው መንገድ ሁለት መሆኑን ቀስ ብሎ አስረዳት፤ ወይ እንደገና ሦስት ሳምንት እጇን ታሳርፋለች፣ ወይ የሥጋ ወይም የጋብቻ ዘመድ ትወክላለች። ጎረቤት አይሆንም። እንዳታርፍ፣ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ የድርሻዋን ገመድ ያላስረከበች ሴት በማኅበሩ ውስጥ በሌላ ትተካለች። ዘመድ ደግሞ ያላት አንድ ነው።

አራት ሌሊት አልተኛችም። በግድግዳው በኩል ቃጫው ሲንሿሿ፣ ከዚያ ቀጥ ሲል፣ ከዚያ እሷ ስልኳ ላይ ያለውን ቁጥር በለሆሳስ ስትደግመው እሰማ ነበር። ሲነጋ የሰው ፊት አታይም።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ከጋሼ ሚዛን ጋር አብረው ሄዱ። የውክልናው ወረቀት ላይ ሥልጠናው ያስተማራትን ፊርማ ፈረመች። እሱ አውራ ጣቱን ገና ሲያሳርፍ መሣሪያዋ አረንጓዴ አበራች።

“ያንተማ ከነላስቲኩ ነው” አለችው። “ገና አልተጀመረም።”

ከፋዩ ሳቀ፤ ጋሼ ሚዛንም አብሮ ሳቀ። ገንዘቡን ቆጥሮ ኪሱ ከተተና መንገድ ላይ ከግማሽ ትንሽ የሚበልጠውን ሰጣት።

“ቀሪውስ?”

“የመንገዴ። የጊዜዬ። የጣቴ።”

የሰጣትን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች። በእኛ ደጅ ስታልፍ እናቴ ስትይዛት የሆነውን ሁሉ ነገረቻት። ድምፅዋ ውስጥ ንዴት አልነበረም፤ ቢኖር ይሻል ነበር።

“ድሮም ይወስድብኝ ነበር” አለች። “ግን ስንት እንደሆነ አላውቅም ነበር። አሁን እስከ ሳንቲሙ አውቃለሁ።”

እናቴ ግቢ፣ እህል ቅመሺ አለቻት፤ እምቢ አለች። ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋች። ለማስረከብ የቀራት አሥር ቀን ስለሆነ ወደ ቃጫው ትሄዳለች ብዬ ጆሮዬን ጣልኩ። ጫማዋን ስታወልቅ አልሰማሁም። አልጋው አንዴ ሲጢጥ አለ፤ ከዚያ እንቅልፍ የወሰደው ሰው ረጅምና ከባድ ትንፋሽ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነበር።