ሽበቴን አይተው ያስመረቁኝ ቀን

ፀጉሬ እንደ አባቴ ገና በሠላሳ ዓመቴ ነጭ ሆነ። ጉዱም የመጣው በዚሁ ነው። ከአምደወርቅ ወደ ሰቆጣ ልንሄድ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጠናል። ዝናቡ መንገዱን ሸርሽሮታልና ሰዉ ሁሉ ፈርቷል።

"ሳንነሳ ሽማግሌ ይመርቀን!" አለ በሩ አጠገብ የተቀመጠ ጎልማሳ።

ከኋላ ወንበር መቁጠሪያ የያዙ አንዲት አሮጊት እጃቸውን ዘረጉ።

"እማማ፣ ወንድ እያለ?" አላቸውና ወደ እኔ ሽበት ጠቆመ።

"ጌታችን ከመቃብር ሲነሣ መጀመሪያ የታየው ለሴት አይደለም እንዴ፣ ልጄ?" አሉት ቀስ ብለው። ጎልማሳው ግን ዓይኑን ከእኔ ሽበት አላነሳም። እጃቸውን ሰበሰቡ።

እኔ ደግሞ መርቄ አላውቅም። "በሰላም ያግባን... ከክፉ ይሰውረን..." ብዬ ቃል አለቀብኝ። "አሜን" ያልኩትም ራሴ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ከማፈሬ ይልቅ የእኚያ አሮጊት እጆች መታጠፍ ከነከነኝ። ከሽበቴ በቀር ምን ኖሮኝ ነው የቀደምኳቸው?

ሾፌሩ ግን ሞተር አላስነሳም።

"ምን ትጠብቃለህ? ተመረቅን እኮ!" አለ ጎልማሳው።

ሾፌሩ ወደ ኋላ ወንበር ዞረ፤ ኮፍያውን አወለቀና፣

"እማዬ፣ መርቂን እንጂ! ያላንቺ ምርቃት መቼ ነድቼ አውቃለሁ?" አለ።