ቁጥሩ ልክ ነበር

ዩኒቨርሲቲው የተቀመጠው ከከተማው መሃል ነው። የኋላ በሩ ፊት ለፊት የአውቶቡስ ፌርማታ፣ ከፌርማታው ጀርባ ደግሞ የስልክና የኮምፒውተር ጥገና ሱቆች ተደርድረዋል። በዚህ በር ላይ ሃያ ሁለት ዓመት የቆመችውን ጥበቃ ተማሪዎቹ «እትዬ ቁጥር» ይሏታል። እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ ቢኖር ደሞዝ ከፋዩ ብቻ ነው። ቅጽል ስሙ የወጣላት በሥራዋ ነው፤ ላፕቶፕ ይዞ የሚወጣ ሁሉ ማሽኑን ገልብጦ ከታች ያለውን ቁጥር ያሳያታል፣ እሷም መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ አውርዳ ከመውጫ ካርዱ ጋር እያስተያየች ጮክ ብላ ታነባለች። ልክ ከሆነ «በል ሂድ የኔ ጌታ» ነው። ልክ ካልሆነ የዲኑ ልጅም ቢሆን አያልፋትም።

ካርዱ ግን ጉደኛ ነው። የላፕቶፑ ዓይነትና ቁጥር፣ ከሥሩም ማኅተም አለበት፤ አለቀ። የባለቤቱ ስም የለ፣ ፎቶ የለ። ተማሪው ደግሞ እንዳይጠፋበት ብሎ የሚያስቀምጠው የት ነው? እዚያው ላፕቶፑ ቦርሳ ውስጥ! እንግዲህ ቦርሳውን ያነሳ ሌባ የመውጫ ፈቃዱንም አብሮ አነሳ ማለት ነው። ይህንን ለመረዳት ዲግሪ አያስፈልግም። እትዬ ቁጥር ከስምንተኛ ክፍል አልዘለቀችም፣ ግን ገብቷታል። ለጥበቃ ኃላፊው ሁለቴ በቃል፣ አንዴ በጽሑፍ አመልክታለች።

«ይጠናል» አላት፣ ሦስቱንም ጊዜ።

ለሰውየው የማይጠና ነገር የለም። የተቀደደው አጥር ይጠናል፣ የጠፋው የመንገድ መብራት ይጠናል፣ የጥበቃዎቹ የዝናብ ልብስ ይጠናል። ጥበቃዎቹ ከጀርባው «አቶ ይጠናል» ብለው መጥራት ከጀመሩ ዓመታት አልፈዋል።

አንድ ማክሰኞ ከምሳ በኋላ፣ ጸጉሩን በወግ ያበጠረ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ ወጣት ወደ በሩ መጣ። «እንደምን ዋሉ እትዬ» ብሎ ጎንበስ አለ። ገና ሳትጠይቀው ላፕቶፑን ገልብጦ፣ ካርዱን አስጠግቶ ያዘላት። ቁጥሩን አነበበች፤ አንድም ሳይዛነፍ ልክ ነው። የሌሎቹ ጭቅጭቅ ሰልችቷት ስለነበር ደስ አላት።

«ተባረክ! ሁሉም እንዳንተ ቢሆን እኔ ምን አስለፈለፈኝ?» አለችው።

እሱም አሜን ብሎ ወደ ፌርማታው ተሻገረ።

ሩብ ሰዓት አልሞላም፤ አንዲት የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ከቤተ መጻሕፍቱ በኩል እየሮጠች መጣች፤ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። መታጠቢያ ቤት ደርሳ ስትመለስ ቦርሳዋ ወንበሩ ላይ የለም። የመመረቂያ ጽሑፏ ላፕቶፑ ላይ ነው፣ የምታቀርበው ደግሞ ከሦስት ሳምንት በኋላ።

«ሌላ ቦታ ገልብጠሽ አላስቀመጥሽም?»

«ፍላሽ ላይ ነበር።»

«ፍላሹስ?»

«ቦርሳው ውስጥ።»

«ካርዱስ?» አለች እትዬ ቁጥር፣ መልሱን እያወቀችው።

«እሱም ቦርሳው ውስጥ። እትዬ፣ ክዳኑ ላይ ቢጫ አበባ የተለጠፈበት ነው፣ አላዩትም?»

እትዬ ቁጥር የዘበኛ ቤቱን ግድግዳ ተደገፈች። ቢጫውን አበባ አይታዋለች። የሰውየውን ፊት ግን ፈልጋ ፈልጋ አጣችው፤ የተተኮሰ ሸሚዝ ብቻ ነው የሚመጣላት። «እኔ እኮ መረቅኩት» አለች፣ «ወይኔ፣ መርቄ ሸኘሁት!»

ተያይዘው ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ። ተረኛው «የተሰረቀው ግቢ ውስጥ ስለሆነ የግቢው ጥበቃ ይያዘው» አላቸው። ወደ ግቢ ተመለሱ። አቶ ይጠናል ደግሞ «ከበሩ ከወጣ በኋላ የፖሊስ ጉዳይ ነው» አለ። ሌባው በሩን ሲያልፍ ጉዳዩ እዚያው ደፉ ላይ ቀረ እንጂ የማንም አልሆነም። ልጅቷ ማልቀስ እንኳ አቃታት፤ ጥፍሯን እየበላች ቆመች።

በማግስቱ ጠዋት አቶ ይጠናል እትዬ ቁጥርን ቢሮው አስጠራት። ጠረጴዛው ላይ ተተይቦ ያለቀ ወረቀት አለ፤ «ቁጥሩ ከካርዱ ጋር አንድ ሆኖ ስለተገኘ ጥበቃዋ ሥራዋን በመመሪያው መሠረት ተወጥታለች» ይላል።

«እዚህ ጋ ይፈርሙና ነገሩ ያልቃል» አላት። «ነጻ ነዎት።»

«ልጅቷስ?»

«ንብረቷን ጥላ ሄደች፤ እኛ ምን እናድርግ?»

«ካርዱስ ጌታዬ?»

«ካርዱ ምን ሆነ? ሠርቷል እኮ።»

«የሠራው ለሌባው ነዋ!»

አቶ ይጠናል ብዕሩን አስቀመጠ። «እትዬ፣ ጡረታዎ ሦስት ዓመት ቀርቶታል። ጥፋተኛ አይደሉም ስንልዎት ዝም ብለው ቢቀበሉ ምን አለበት? ጥፋተኛ ከተገኘ እኮ ፋይሉ ኮሚቴ ይገባል።»

ሳያውቀው መንገዱን አሳያት። ጥፋተኛ ከሌለ ፋይሉ ተዘግቶ ካርዱ እንዳለ ይቀጥላል። ጥፋተኛ ካለ ግን ኮሚቴው ቁጭ ብሎ «እንዴት ሆነ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና «ነገ አመጣዋለሁ» ብላ ወጣች።

ባሏ ልብስ ሰፊ ነው። ስትነግረው የስፌት መኪናውን መርገጥ ሳያቆም ሰማትና፣ ክሩን በጥርሱ በጥሶ ቀና አለ። «ሰው ነጻ ነህ ሲባል እግዜር ይስጥልኝ ብሎ ይወጣል። አንቺ በገዛ እጅሽ ጣጣ ትጎትቻለሽ?»

«ነገ ደግሞ የሌላዋ ቦርሳ ይነሳል። ቁጥሩን አንብቤ የማሳልፈው እኔው ነኝ።»

«ከበሩ ቢያነሱሽስ?»

ከበሩ ሌላ ሥራ አታውቅም፤ እዚያ በር ላይ ቆማ ነው ጸጉሯ የሸበተው። ፈራች። ቢሆንም ከልጇ የድሮ ደብተር ላይ አንድ ገጽ ገነጠለችና በራሷ እጅ ጻፈች፦ «ያየሁት ቁጥሩን ነው፣ ፊቱን አላየሁም። ካርዱ ላይ የባለቤቷ ስምና ፎቶ ቢኖር አያልፍም ነበር። ሌባውን መርቄ ያሳለፍኩት እኔ ነኝ። ጥፋተኛ ነኝ።»

በማግስቱ በተተየበው ወረቀት ፋንታ ይህንን አስረከበች። ኮሚቴው በአራተኛው ሳምንት ተሰበሰበ። ከጻፈችው ውስጥ የመጨረሻዋን መስመር ብቻ ያነበቡ ይመስላል። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣትና ወደ መኪና ማቆሚያው በር ተዛወረች። ካርዱም አልቀረ፣ ተለወጠ፤ ነጭ የነበረው አረንጓዴ ሆነ። ስም የለበትም፣ ፎቶም የለበትም። ጀርባው ላይ ግን አዲስ መመሪያ ታትሞበታል፦ «ካርዱ እንዳይጠፋ ዘወትር ከላፕቶፑ ጋር ይቀመጥ።» እትዬ ቁጥር ይህንን ስታነብ ደሟ ፈላ።

መኪና ማቆሚያው በር ላይ ደግሞ ሥራው የመውጫ ወረቀት ማየት ነው። ወረቀቱ ላይ የሰሌዳ ቁጥርና ማኅተም አለበት። በመጀመሪያው ቀን ሰልፉን ቃኘች፤ ወረቀቱ በሁሉም መኪና ላይ ከፊት መስታወቱ ሥር በተርታ ተቀምጧል። መሳቅ ዳዳት። ሳቁ ግን አልመጣም።

አሥር ሰዓት ላይ የአቶ ይጠናል መኪና ደረሰ። በመስኮቱ ወረቀቱን ዘረጋላት።

«ወረቀቱን የት ነው የሚያስቀምጡት ጌታዬ?»

«እዚሁ መኪናው ውስጥ ነዋ። የት ላስቀምጠው?»

«መታወቂያዎን ያሳዩኝ።»

«ምን? አያውቁኝም እንዴ?»

«ያንንም ልጅ የማውቀው መስሎኝ ነበር።»

መታወቂያው ቢሮው ቀርቷል። ከኋላው ያሉት መኪኖች ጥሩምባቸውን ለቀቁት። አቶ ይጠናል ፊቱ ቀላ። «መታወቂያ ይጠየቅ የሚል መመሪያ የለም! ሰሌዳው ልክ ነው፣ ይክፈቱ!»

«ይጠናል» አለችው፣ እጇን ከመዝጊያው ብረት ላይ ሳታነሳ።

የመኪናውን በር በርግዶ ወረደና በዚያ ፀሐይ ዳገቱን ወደ ቢሮው ተያያዘው። ከጀርባው እያየችው ቆመች። ነገ ከዚህም በር ሊያነሳት እንደሚችል ታውቃለች። ዕድሜ ልኳን ይህንን ቀን ብታይ ደስ የሚላት ይመስላት ነበር፤ ደስ አላላትም። ከበሩ ትይዩ ባለው የቤተ መጻሕፍቱ መስኮት ያቺ ልጅ ትታያለች፤ የማቅረቢያዋ ቀን አልፏት፣ የሰው ላፕቶፕ ተውሳ፣ ጽሑፏን ከመጀመሪያው ገጽ እየጻፈች ነው። አረንጓዴው ካርድ ከጎኗ ከተንጠለጠለው ቦርሳ ኪስ ብቅ ብሏል።