የገዳሙ ፍሪጅ

በረዶ የተባለው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ፍሪጅ ጠጋኝ ነው። ሁለተኛ፣ ሰው ቢያናድደውም አይሞቅም። ሚስት የለውም። ከታላቅ እህቱ ጋር ይኖራል፤ የቤታቸው የፊት ክፍል የጥገና ሱቅ ነው። እሱ ይጠግናል፣ እሷ በዋጋ ትከራከራለች። ሰፈሩ እንደሚያውቀው በረዶ የነካው ፍሪጅ ተመልሶ አይበላሽም።

ከገዳሙ ፍሪጅ በቀር።

ገዳሙ ከከተማው ጫፍ፣ ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ ነው። መጀመሪያ ሲጠሩት ቱቦው ተበስቶ ጋዙ አልቆ ነበር። ሠርቶ ተመለሰ። ወር ሳይሞላ ፍሪጁ ሞቀ። ሄዶ ሠራው። እንደገና ሞቀ።

እህቱን ያሳሰባት ፍሪጁ ሳይሆን ሸሚዙ ነው።

"ለፍሪጅ ነው ሸሚዝ የተተኮሰው?"

"ገዳም ነው እኮ እትዬ።"

"የባንኩ ሥራ አስኪያጅ ቤት በቱታ ሄደህ የለም እንዴ? ማን ናት?"

"ማን?"

"እኔን ልታሞኝ? ምግብ አብሳይ ናት? ልብስ አጣቢ?"

የመሣሪያ ሣጥኑን አንስቶ ወጣ። እሷም ሱቁን ቆልፋ ከኋላ ከኋላ ተከተለችው። ራት ላይ ያየችውን ተናገረች።

"ከበሩ ላይ ሆኜ ግቢውን ቃኘሁት። ያሉት በሙሉ ጢማም ናቸው።" ጎረሰች። "በረኛው አባ ደግሞ 'ወንድምሽ ሲሠራ ይዘምራል' አሉኝ። አንተ! ማፏጨት እንኳ የማትችለው!"

በረዶ ሳህኑን እያየ በላ።

በቀጣዩ ጥገና አበምኔቱ ወጥ ቤት ድረስ መጡ። ባልዲ ገልብጠው ተቀመጡበት።

"ከተማው 'በረዶ የነካው አይበላሽም' ይላል። የእኛው ብቻ ምን ኃጢአት ሠርቶ ነው?"

"አሮጌ ነው አባ።"

"እኔም አሮጌ ነኝ፤ በየወሩ ግን አልሞቅም። ይሄስ?"

በጣታቸው የያዙት ምግብ አብሳዩ መነኩሴ ከቱቦው ላይ የላጠውን የደረቀ ማጣበቂያ ነው። በረዶ አላበው። ሲያልበው ያየው ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም።

"መበየድ ነበረበት" አለ። "ከተበየደ ግን አይበላሽም።"

"ካልተበላሸስ?"

"መምጫ ሰበብ የለኝም።"

አበምኔቱ አልሳቁም። "የሽማግሌዎቹ መነኮሳት ወተት ደጋግሞ ኮምጥጧል፤ ይቅርታ ትጠይቃቸዋለህ። አሁን በይደውና ወደ ሥራህ ሂድ። የጠራህ እግዚአብሔር ከሆነ ፍሪጁ ደህና ሆኖም ይጠራሃል። ካልሆነም ጥሩ ፍሪጅ ይተርፈናል።"

በየደው። የማጣበቂያውን ነገር ለእህቱ ሲነግራት ወገቧን ይዛ ሳቀች።

ወራት አለፉ። ፍሪጁ አልሞቀም፤ በረዶ ግን ሞቀ። ደንበኛ ላይ ጮኸ። መፍቻ ወረወረ። ስልክ ሲጠራ ከወንበሩ ይዘላል።

"ተበላሸ እንዲሉህ ነው የምትጸልየው?" አለችው እህቱ።

"እሱን ትቻለሁ። አሁን የምጸልየው ገዳም ስገባ አንቺ እንዳታለቅሺ ነው።"

"እኔ? ለአንተ?" ወደ ጓዳ ገባች። ብዙ ቆየች። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል፤ የተተኮሰ ሸሚዝ ይዛለች። "መጀመሪያ ብየዳ ታስተምረኛለህ። እኔ በማጣበቂያ ሱቅ አላስተዳድርም።"

አስተማራት። ጣቷን አቃጠለች፣ ረገመችው፣ ቻለችበት።

ከዚያ ሄዶ የገዳሙን በር አንኳኳ። በረኛው አንገታቸውን ብቅ አደረጉ።

"ደግሞ ምን ተበላሸ?"

"ምንም።"

"ሣጥንህስ?"

"እህቴ ጋ ነው። አበምኔቱን ላነጋግር ነው የመጣሁት።"

ሽማግሌው ከእግር እስከ ራሱ አዩት። "ያልተጠራ ጠጋኝ ዛሬ ገና አየሁ" አሉና መቀርቀሪያውን ሳቡት።

በሩ ሲጢጥ አለ። በረዶ ማጠፊያውን አየት አደረገ። እጆቹን ኪሱ ከቶ ገባ።