ሦስት ወር ሲጠጣ የከረመው ኬክ

ባለፈው ጥቅምት ሐይቅ ዳር ካለ አንድ ሆቴል የኋላ በር አጠገብ ቆሜ ባጃጅ ስጠብቅ፣ ከወጥ ቤቱ መስኮት የተቃጠለ ስኳር፣ የብርቱካን ልጣጭና ኮኛክ የጠገበ ዘቢብ ሽታ ተቀላቅሎ መጣብኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ምራቁን ይውጥ ነበር፤ እኔ ግን የመጣውን ባጃጅ እንኳ ሳልሳፈር ግድግዳውን ተደግፌ ቆየሁ። ከሠላሳ ዓመት በኋላም ያ ሽታ ጓዳችን ውስጥ ወስዶ ያቆመኛል፤ ማንኪያ በእጄ፣ አባቴ ከኋላዬ።

አባቴን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሼፍ ግርማ ይለው ነበር። ሐይቅ ዳር ባለ ሆቴል ለብዙ ዓመታት ያበሰለ ሰው ስለነበር፣ ፈረንጆች ለገናቸው የሚበሉትን ፑዲንግ የሚባል ጥቁርና እርጥብ ኬክ ከአለቃው ተምሮ በየዓመቱ ቤታችን ይሠራው ነበር። ይህ ኬክ እንደሌላው ዛሬ ተጋግሮ ነገ አይበላም፤ መስከረም ላይ በእንፋሎት በስሎ፣ በአቡጄዲ ተጠቅልሎ፣ በየሳምንቱ ኮኛክ እየጠጣ እስከ ገና መክረም አለበት። ኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችን «ከጾም በፊት ተሠርቶ ከጾም በኋላ የሚበላ፣ እንዴት ያለ ብልህ ምግብ ነው!» እያሉ ይስቁ ነበር። እናቴ ግን ቀምሳው አታውቅም ነበር። እናቴ ታደለች ከወላይታ የመጣች ጴንጤ ነበረች፣ መጠጥ በአፏ ዞሮ አያውቅም፤ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ባለች አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን መዘምራኑን በድምፅ የምትመራው እሷ ነበረች፣ ልብስ እያሰጣች ስትዘምር መንገደኛ ከአጥራችን ውጭ ቆም ብሎ ያዳምጣት ነበር።

አባቴ እጁን አንሥቶብን አያውቅም። የሱ ዱላ ቀልድ ነበር፤ ቀልዱ ደግሞ የሚያለቅስ ሰው ካልተገኘበት አይጥመውም። እናቴ ግቢ ውስጥ መዝሙር ስትጀምር ከወጥ ቤት እንደ ፍየል እየጮኸ ይቀበላት ነበር፤ ጎረቤት ሲስቅ እሷም አብራ ለመሳቅ ትሞክርና፣ ድምፅዋን ቀስ በቀስ ዝቅ አድርጋ ታቆም ነበር።

ዘጠኝ ዓመት በሞላኝ ክረምት፣ ነሐሴ ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌዎች አንዱ ጋሽ ጳውሎስ ከባለቤታቸው ከእትዬ ራሔል ጋር በዝናብ ርሰው ቤታችን መጡ። አባቴ ጠጪ ስለነበር ሊመክሩት ነበር የመጡት።

«ወንድም ግርማ፣ መጠጥ ስንቱን ቤት አፍርሷል። ይቺ ሴት ስላንተ ስትጸልይ ጉልበቷ አለቀ» አሉት ጋሽ ጳውሎስ።

እናቴ አንገቷን ደፍታ ትሰማ ነበር። ቱግ ይላል ብዬ ስጠብቅ፣ አባቴ ተነሥቶ ሻይ ቀዳላቸውና «ልክ ነዎት ጋሼ። ከዛሬ ጀምሮ በቃኝ» አላቸው። በር ድረስ ሸኝቷቸው ሲመለስ ፊቱ ላይ የነበረችውን ፈገግታ አውቃታለሁ፤ እንደ ፍየል ሊጮህ ሲል የምትመጣዋ ናት። እናቴ ግን አላየቻትም፤ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ታለቅስ ነበር።

መስከረም ጠብቶ የመስቀል ሰሞን አባቴ ዘቢቡን፣ ቴምሩን፣ ቅርንፉዱንና ከሉካንዳ ያመጣውን ሞራ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋ። እናቴ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ቀረበችና «ግርሜ፣ ዘንድሮ ያለ መጠጥ ሥራልኝ። ለገና የቤተ ክርስቲያን ሰዎችን ልጥራ፤ እኔም እበላለሁ» አለችው። «ላንቺማ ልዩ አድርጌ ነው የምሠራው» አላት። የብርቱካኑን ልጣጭ እሷ ስትከትፍ፣ እኔ ዘቢቡን ስለቅም፣ ሦስታችንም ሊጡን በየተራ ስናማስል ዋልን፤ ኬኩ በትልቁ ድስት ውስጥ ከሰል ላይ ቀኑን ሙሉ ሲንተከተክ እናቴ ከአጠገቡ ሳትለይ ዘመረች፣ አባቴም ያን ቀን እንደ ፍየል አልጮኸም። እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሰዓት እሷ ለመዘምራን ልምምድ እንደወጣች አባቴ ጓዳ ጠራኝ። አቡጄዲውን ፈትቶ፣ ኬኩን በሹራብ መርፌ ወጋግቶ፣ ከጤፍ ጆንያ ኋላ የኮኛክ ጠርሙስ አወጣና ማንኪያ አስያዘኝ።

«ሊዱ፣ ቀስ እያልሽ አጠጪው። ሕፃን እንደምትመግቢ።»

«እማዬ ያለ መጠጥ አላለችም?»

ዓይኑ ከዓይኔ ትክክል እስኪሆን ድረስ ቁጢጥ አለ። «ነግረሻት ብታለቅስ፣ ያስለቀስሻት አንቺ ነሽ። ካልነገርሻት ደስ ብሏት ትከርማለች። የቱ ይሻላል?»

እንደ ልጅ አመዛዘንኩና አጠጣሁት።

ጥቅምትና ኅዳር በዚህ አለፉ። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር እናቴ መዝሙር ደብተሯን ይዛ ስትወጣ፣ እኔ ጓዳ እገባ ነበር። ኬኩ እየጠቆረ፣ እያብረቀረቀ፣ ሽታውም እየበረታ ሲሄድ እናቴ አንድ ቀን ጓዳ በር ላይ ቆማ «ምንድን ነው እንዲህ የሚሸተው?» ብላ ጠየቀች። «ዘቢብና ቅርንፉድ ሲከርም ነዋ» አላት አባቴ። ማመን ፈልጋ ነበርና አመነችው። እሱም በነዚያ ወራት እንደ ቃሉ ቤት ውስጥ አልጠጣም፤ ቀልዱ እስኪበስል ይጠብቅ ነበር። ኅዳር ውስጥ አንድ እሑድ እናቴ ጉባኤው ፊት ቆማ «ጌታ ባሌን ከመጠጥ ፈታልኝ!» ብላ ስትመሰክር፣ ሕዝቡ እያጨበጨበ ሃሌሉያ ሲል፣ እኔ ዓይኔን ከጫማዬ ላይ ማንሣት አቅቶኝ ነበር።

ታኅሣሥ ላይ ልነግራት ሞከርኩ። ጭንቅላቴን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ሹሩባ ስትሠራኝ «እማዬ፣ ኬኩን ለእንግዶች ባትሰጪስ?» አልኳት።

«ለምን የኔ ቆንጆ?»

«በጣም ጥቁር ነው።»

ሳቀች። «አባትሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ለኔ ብሎ የሠራው ነገር ነው። ጥቁርም ቢሆን ይበላል» አለችኝ። ሹሩባውን ጨርሳ እስክትለቀኝ ጉልበቷ ላይ ቆየሁ።

ገና ደረሰ። ከጉባኤ በኋላ መዘምራኑ፣ ጋሽ ጳውሎስና እትዬ ራሔል ቤታችንን ሞሉት። ዶሮው ተበልቶ ሲያበቃ አባቴ ነጩን የሆቴል ጃኬቱን ለብሶ ኬኩን በትሪ ይዞ ገባና ለእያንዳንዱ ሰው በእጁ እየቆረጠ አደለ። እንግዶቹ «እንዴት ይጣፍጣል!» ይባባሉ ነበር፤ ጋሽ ጳውሎስ ሳህናቸውን ዘርግተው ደግመው ጠየቁ። እናቴም አንዱን ቁራጭ ጨርሳ ሁለተኛውን አነሣች፣ ጉንጮቿ ቀልተው፣ ሙሽራ መስላ። የኔ ሳህን እንዳልተነካ አይታ «ብዪ እንጂ ሊዲዬ፣ አባትሽ የሠራው እኮ ነው» አለችኝ። ከዚያ ዘምሪ አሏትና ቆማ ዘመረች፣ አባቴም ግድግዳ ተደግፎ እስከ መጨረሻው ሰማት። ስትጨርስ ጓዳ ገብቶ ሁለት ባዶ ጠርሙሶች አመጣና ጋሽ ጳውሎስ ፊት አስቀመጣቸው።

«ጋሼ፣ የበሉት ኬክ ከመስከረም ጀምሮ ይህን ሁሉ ኮኛክ ጠጥቷል። መጠጥ ስንቱን ቤት አፍርሷል ብለውኝ ነበር፤ እርስዎ ግን ደግመው ጠየቁ። እንኳን አደረሰዎ!»

ከሱ በቀር የሳቀ አልነበረም። አንዲት ዘማሪ አፏን ይዛ ወደ ግቢ ሮጠች። ጋሽ ጳውሎስ ሹካቸውን አስቀምጠው አፋቸውን ጠረጉ። እትዬ ራሔል ወደ እናቴ ዞሩ።

«ታደለች፣ ታውቂ ነበር?»

«አላወቅሁም! በጌታ ስም አላወቅሁም!»

«ሦስት ወር ሙሉ ገዛ ቤትሽ ውስጥ ሲሸት?»

«እሷን ይተዉአት እትዬ» አለ አባቴ፣ አሁንም እየሳቀ። «ልጅቷን ይጠይቁ። በየቅዳሜው ስታጠጣው የከረመችው እሷ ናት።»

ሁሉም ወደኔ ዞሩ፤ እኔ ያየሁት ግን የእናቴን ፊት ብቻ ነው። «ሊዲያ፣ እውነት ነው?» አለችኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። ቤት ተሳስቶ የገባ የሌላ ሰው ልጅ እንደምታይ አድርጋ አየችኝ፣ ከዚያ ሳህኖቹን መሰብሰብ ጀመረች።

ጥር ላይ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው፣ የሼፍ ሚስት ሆና እንዴት ሳታውቅ ትቀራለች ያሉት ስለበዙ፣ ለስድስት ወር ከመዝሙር አገዷት፤ ቦታዋንም ለአንዲት ወጣት ሰጡ። በጋው እንዲያ ሞቃት፣ ቤታችን እንዲያ ጸጥ ያለ ነበር። እናቴ አልመታችኝም፣ አልተቆጣችኝም፤ ምግቤን ትሰጠኝ፣ ልብሴን ታጥብልኝ ነበር። ከእጄ ግን ምግብም ውኃም መቅመስ ተወች። ውኃ ቀድቼ ስሰጣት ብርጭቆውን ተቀብላ ደጅ ታፈሰውና፣ እኔ እያየሁ ሌላ ለራሷ ትቀዳ ነበር። በበልጉ ዝናብም እንዲሁ ነበር። ሐምሌ ላይ ወባ ጥሏት፣ ቤት ውስጥ ከኔ በቀር ሰው ባልነበረበት ቀን ያቀረብኩላትን ውኃ ፊቷን አዙራ ጠጣች፤ ታርቃኝ ይሁን ጠምቷት እስከ ዛሬ አላውቅም።

እገዳው ሲያበቃ ጠሯት፤ ሄዳም የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ጉባኤው ሲዘምር አፏን አልከፈተችም፤ ከዚያ ወዲህ ስትዘምር የሰማት የለም። አባቴ በመስከረሙ እንደገና ዘቢብ ዘረጋ። እናቴ ሳትጠየቅ መጥታ ተቀመጠችና ልጣጩን ከተፈችለት። እሱም በየመሀሉ ቀና እያለ ፊቷን ያይ ነበር፤ እዚያ ላይ ግን የሚያለቅስ ሰው አልነበረም። ኬኩን ጓዳ አስቀምጦ ረሳው፣ ለገና ስንፈታው ሻግቶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ አልሠራም።

እኔ ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ አባቴ ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ብሎት አራት ዓመት ተኛ። እናቴ አጠበችው፣ አጎረሰችው፣ አገላበጠችው፤ አንድ ቀን እንኳ አላጎደለችበትም። «ታደለች፣ አንድ ነገር በይኝ እንጂ። ስደቢኝ» እያለ ይለምናት ነበር። አፉን ጠርጋለት ትወጣ ነበር። እንደለመናት ሞተ።

አሁን እናቴ የምትኖረው ከኔ ጋር ነው። ያኔ ለገና ሦስት ወር እንዘጋጅ ነበር፤ አሁን ዋዜማውን ኬክ ቤት ተሰልፌ የገዛሁት በማግስቱ ያልቃል፣ ልጄም ፊቷን ክሬም በክሬም አድርጋ አያቷ ላይ ትወጣለች። ባለፈው ገና ልጄ ዘጠኝ ዓመት ሞልቷት ነበርና፣ ሁለቱን አብረው አይቼ ለመጀመሪያ ጊዜ ደፈርኩ።

«እማዬ፣ ያኔ እኮ ልጅ ነበርኩ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለችኝ፣ የልጄን ፊት መጥረጓን ሳታቆም። «ዘጠኙንም ዓመት ያሳደግሁሽ እኔ ነበርኩ።»

ያኔ ጥፋቱ ሁሉ የኔ ይመስለኝ ነበር። አሁን ልጄ የምነግራትን ሁሉ እንዴት እንደምታምን ሳይ የማን እንደነበር አውቃለሁ። እናቴ ግን አርጅታለች፣ እኔም ነገሩን ዳግመኛ አላነሣባትም።