የረቡዕ ወተት

ስሟን ሰርዤዋለሁ፤ እምላለሁ። የምሠራው ካርቱም ውስጥ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። የመንገድ ዳር ነጋዴዎችን ቆጥረን፣ የፈለገ ሁሉ አውርዶ እንዲጠቀምበት መረጃውን ድረ ገጻችን ላይ ለቀቅነው። ከመለቀቁ በፊት የሰው ስምና ስልክ የማወጣው እኔ ነበርኩ።

በማግስቱ ሠንጠረዡን ሳገላብጥ አንድ መስመር ላይ ዓይኔ ቀረ። «ጀብራ ሰፈር፤ ሴት፤ ሻይ ሻጭ፤ ኢቃማ የላትም።» አስተያየት በሚጻፍበት ዓምድ ደግሞ፦ «ረቡዕና ዓርብ ወተት አታቀርብም።»

እናቴ ናት። ሱዳናዊው አባቴ ሲሞት በእሱ ስም የወጣው ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ሳይታደስ ቀረ። ለቆጣሪዋ ግን አንዱንም አልደበቀችም፤ የልጇ መሥሪያ ቤት ነዋ። እኔ ያንን ዓምድ ማየት ረሳሁ። ጀብራ ውስጥ ደግሞ ሰው ለማግኘት ስም አያስፈልግም። ረቡዕ ወተት የሌላት ሴት የቷ ናት ብትሉ፣ የሪክሻ ነጂው ሁሉ በር ድረስ ያደርሳችኋል።

አለቃዬ ሽማግሌ ሰው ነው። ስነግረው ዓምዱን ወዲያው አስጠፋልኝ።

«የወረደውን ግን አልመልሰውም፣ ያ ቢንቲ፣ ልጄ» አለኝ።

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ፋይሉን ያወረዱ ነበሩ። ተማሪ ይሆን? ወይስ ካሻ፣ አፈሳ፣ የሚያዝዝ ሰው? በካሻ ፖሊስ ሻይ ሻጮችን በመኪና ለቅሞ ይሄዳል፤ ኢቃማ የሌላት ከአገር ትባረራለች። ፈራሁ። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ረቡዕ ጠዋት ከሥራ ቀርቼ፣ አንድ ቆርቆሮ የዱቄት ወተት ይዤ እናቴ ዘንድ ሄድኩና ሁሉንም ነገርኳት።

«ዛሬ ወተት ሽጪ፣ እማ።»

«በወባ ልትሞቺብኝ ስትይ የተሳልኩት ነው። እመቤቴ ልጄን ካተረፈችልኝ በጾም ቀን ወተት በእጄ አልነካም ብያለሁ። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ሲባል አልሰማሽም?»

«የወለድሽው እኮ እኔን ነው።»

«ኻላስ፣ በቃ ተዪኝ» ብላ ቆርቆሮውን ከበርጩማዋ ሥር ወሸቀችው።

አጠገቧ ተቀመጥኩ። መኪና ቀስ ባለ ቁጥር እነሳለሁ። ረፋዱ ላይ የተተኮሰ ሸሚዝ የለበሰ፣ የማናውቀው ሰው መጥቶ ፊታችን ቆመ።

«ያ ኻላ፣ ዛሬ ወተት የለም፣ ሙሽ ኪዳ፣ አይደል እንዴ?» አላት።

የሰፈር ሰው ይህን አይጠይቅም፤ ያውቃል። እናቴ እሱን አላየችውም፤ እኔን ነው ያየችኝ። ጎንበስ ብላ ቆርቆሮውን አወጣች።

«አለ። ኢትፈደል፣ ጠጣ።»

ወተቱን ስታማስል ማንኪያው ብርጭቆውን ይመታ ነበር። ሰውየው ቆሞ ጠጣና ሄደ። ማን እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።

እናቴ እጇን ታጠበች። ደግማ ታጠበች። ከዚያ መዳፏን ግንባሬ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች።

«ትንሽም ቢሆን ካተኮሰሽ እንዳትደብቂኝ» አለችኝ።