በአመድ የታጠበችው ማርትሬዛ

ሰብለወንጌል በናዝሬት ባቡር ጣቢያ የትኬት መስኮት ላይ ሃያ ስድስት ዓመት ስትሠራ ሰው ላይ ጮኻ አታውቅም። ባቡሩ አምስት ሰዓት ዘግይቶ መንገደኛው መስኮቱን ሲደበድብ፣ ሰካራም ሲሰድባት፣ ነጋዴ ተራ ጥሶ ሲገባ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ወደ ኋላ» ትላለች፤ ያ ይበቃት ነበር። ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ቆቃ የሆነውን የሰሙ የድሮ ባልደረቦቿ «ሰብሌ? የኛዋ ሰብሌ?» እያሉ የተገረሙት ለዚህ ነው።

ሳንቲም መሰብሰብ የጀመረችው በዚያችው መስኮት ነበር። ከጅቡቲ የሚመጣው መንገደኛ ፍራንክ ከብር ጋር ቀላቅሎ ይሰጣታል። ከገጠር የመጣ ሽማግሌ ደግሞ ከመቀነቱ ጫፍ ፈትቶ፣ ከገበያ ከወጣ የቆየውን የጃንሆይን ሃምሳ ሳንቲም ይዘረጋላታል። «አባባ፣ ይሄ እኮ አይሠራም» ብላ አትመልሰውም፤ ከራሷ ቦርሳ ተክታ ታስቀረዋለች። የባቡር መካኒክ የነበረው፣ ዲዳ የሚባለው ባሏ ሲያገባት፣ እናቱ በአንገታቸው አድርገዋት የኖሩትን ማርትሬዛ አውልቀው ለሰብለወንጌል አጠለቁላት። ማንጠልጠያ ቀለበት የተበየደባት፣ ስንት ዓመት ከቆዳና ከቅቤ ጋር ኖራ የጠቆረች ብር ነበረች። ከዚያች ወዲያ ስብስቡ ስብስብ ሆነ።

መጀመሪያ አያያዙን አታውቅበትም ነበር። ሳንቲሞቹን በፎቶ አልበም ላስቲክ ውስጥ ደርድራ፣ አልበሙን ወጥ ቤት መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው። አንድ ቀን ወደ ድሬዳዋ የሚሄደው ባቡር ሞተሩ ተበላሽቶ ጣቢያው ላይ ቆመ። አቶ ገብረወልድ የሚባሉ ጡረታ የወጡ መምህር ሲጠብቁ ዋሉ። ወሬ ወሬን አንስቶ ሳንቲም ሰብሳቢ መሆናቸውን ሲነግሯት፣ በምሳ ሰዓት ቤት ሮጣ አልበሟን አመጣች። ደስ ይላቸዋል ብላ ነበር። ሰውዬው ገልጠው አንዱን ገጽ ወደ እሷ አስጠጉ።

«ልጄ፣ እስቲ ይሄን ላስቲክ አሽቺው።»

አሸተተችው። እንደ አዲስ የመኪና ወንበር ይሸታል።

«ሳንቲምሽን የሚበላው ይሄ ነው። አረንጓዴውን አየሽው? ያዝ ያዝ ያደርጋል አይደል? ላስቲኩ አልቦበት ነው። ወረቀት ውስጥ አድርጊው። ከእንፋሎት አርቂው። ደግሞ አደራሽን፣ ምንም ቢጠቁር እንዳታጥቢው፣ እንዳትፈገፍጊው። ጥቁረቱ እድፍ አይደለም፣ ቆዳው ነው። ቆዳውን የተገፈፈ ነገር ደግሞ ሬሳ ነው።»

ያን ዕለት ሰባት ሳንቲም በገዛ እጇ እንደገደለች ገባት። ሰባቱን ዛሬም ለብቻ አስቀምጣቸዋለች፤ ባየቻቸው ቁጥር ትናደዳለች።

ከዚያ በኋላ ሥራዬ ብላ ያዘችው። ለእያንዳንዱ ሳንቲም ከነጭ ወፍራም ወረቀት ትንሽ ፖስታ እየቆረጠች ሠራች። ፖስታው ላይ በእርሳስ ከማን እንዳገኘችው፣ የት፣ መቼ እንደሆነ ትጽፋለች። «ጥር 1979፣ ከአዋሽ የመጡ እናት፣ ለልጃቸው መድኃኒት ሊገዙ» ይላል አንዱ። ፖስታዎቹን በቆርቆሮ ሣጥን ደርድራ፣ ከጫማ ካርቶን ውስጥ የሚወጡትን እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ከየጎረቤቱ ለቅማ በየጥጉ ጨመረች። ቫርኒሽ የተቀባው ቁምሳጥን ይሸታል ብላ ሣጥኑን እዚያ አላስገባችውም፤ ከወጥ ቤቱም ከመታጠቢያ ቤቱም የማይዋሰነው የመኝታ ቤት ግድግዳ ላይ መደርደሪያ አስመታችለት። የምትከፍተው በዓመት አንድ ጊዜ ኅዳር ላይ ነው፤ ዝናቡ አልፎ፣ የአዳማ አቧራ ገና ሳይነሳ። እጇን ታጥባ፣ አድርቃ፣ በጠርዝ በጠርዙ ትይዛቸዋለች። ዲዳ በሕይወት ሳለ «ልጃችንን እንኳ እንዲህ አላቀፍሻትም» እያለ ይስቅባት ነበር።

ልጃቸው ዱሬቲ ያደታ የሚባል የግንባታ ዕቃ ነጋዴ አገባች። ያደታ ክፉ ሰው አይደለም። ነገሩን ያከፋውም ይሄው ነው፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ሰብለወንጌል ሣጥኗን ትደብቅ ነበር። ለአማቱ ፍሪጅ የገዛ፣ ጣሪያዋን ያስቀየረ፣ ዲዳ ሲሞት ድንኳን ተከላውን የመራ እሱ ነው። ችግሩ አይጠይቅም። ያሰበውን አድርጎ ጨርሶ፣ ከዚያ እየሳቀ ያሳይሃል።

ባለፈው ዓመት ቆቃ ሐይቁ ዳር ሎጅ ሠራ። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ሰብለወንጌል እህቷን ልትጠይቅ ቡልቡላ ሄዳ ሁለት ሳምንት ተቀመጠች። የቤቱን ቁልፍ ለዱሬቲ ነበር የተወችው። ከቡልቡላ ሳትመለስ ያደታ ደወለላት፤ «እማማ፣ ቅዳሜ ምርቃት ነው። መኪና እልክልዎታለሁ፤ ከዚያው በቀጥታ ቆቃ ይምጡ» አላት። ነጠላዋን ተኩሳ ሄደች።

እንግዳው ብዙ ነው። ንግግር ተደረገ፣ ዳቦ ተቆረሰ። ከዚያ ያደታ እጇን ይዞ በቀይ ጨርቅ ወደተሸፈነ ግድግዳ ወሰዳት። «አሁን ደግሞ የእናታችንን ውርስ እንመርቃለን!» ብሎ ጨርቁን ሳበው። አዳራሹ አጨበጨበ።

ከፋይ ጨርቅ የለበሰ ትልቅ ሰሌዳ ነው። በላዩ ላይ ሁለት መቶ አርባ ሳንቲም በዓሣ ቅርጽ ተለጥፏል። የጃንሆይ አምስትና አሥር ሳንቲሞች ቅርፊት ሆነዋል፤ ፍራንኮቹ ክንፍ፣ የምኒልክ ጠገራዎች ጅራት። ሁሉም እንደ ለስላሳ ጠርሙስ ክዳን ያብለጨልጫሉ። በላያቸው ቫርኒሽ ተቀብቷል፤ ሽታው ገና አልጠፋም።

ሰብለወንጌል ጠጋ አለች። ጭብጨባው እስኪያበቃ አንድ በአንድ አየቻቸው።

«ማነው ያጠባቸው?»

«ሦስት ቀን ፈጀብን እማማ!» አለ ያደታ፣ ፊቱ እንደበራ። «በሎሚና በአመድ። አልለቅ ያለውን በድስት ማጠቢያ ሽቦ። እንዴት ጠቁረው እንደነበር! አሁን እንደ አዲስ ሆኑ።»

«በምን ለጠፍካቸው?»

«በሱፐር ግሉ። መቼም አይወድቁም።»

ዓይኗ የዓሣው ዓይን ላይ አረፈ። ማርትሬዛ ናት። የአማቷ ማርትሬዛ። ጀርባዋ ሰሌዳው ላይ ልጥፍ ብሏል፤ ከላይዋ አዲስ የብረት ቁስል ይታያል።

«ቀለበቷስ?»

«የምኗ ቀለበት?»

«የዲዳ እናት ማንጠልጠያ! የታለች?»

ያደታ ፈገግታው ትንሽ ቀነሰ። «እሷ... ሰሌዳው ላይ አልተኛ አለች። አናጺው በመጋዝ አነሳት።»

«ፖስታዎቹስ? የተጻፈባቸው ወረቀቶች?»

ከእንግዳ መቀበያው ጀርባ የቆመችው ኑሰይባ የምትባል ሠራተኛ በቀጭን ድምፅ «አዴ፣ ወረቀቶቹን እኔ ነኝ... ያረጀ ወረቀት መስሎኝ ከቆሻሻው ጋር አቃጠልኩት» አለች።

ሃያ ስድስት ዓመት በመስኮቱ ጀርባ የተጠራቀመው ድምፅ ሁሉ ያን ጊዜ ወጣ።

«አንቺ ምን ታደርጊ! ታዘሽ ነው!» ብላ ኑሰይባን አሳረፈቻትና ወደ ያደታ ዞረች። «አንተ ግን! ማን አዘዘህ? ቆሻሻ መሰለህ? እኔ አርባ ዓመት ሙሉ ማጠብ አቅቶኝ ነው የተውኩት? ሎሚና አመድ አጥቼ ነው? የሴትዮዋ አንገት ነው ያረፈባት፣ ላባቸው ነው ያጠቆራት! በመጋዝ? በመጋዝ ትቆርጣታለህ?»

«እማማ፣ ሰው እያየን ነው...»

«ይየኝ! ሰው እንዲያይ አይደል የለጠፍከው?» ከዚያ ዱሬቲን ፈለገቻት። «ቁልፉን ሰጠሽው።»

«እማዬ፣ ሰርፕራይዝ ልናደርግሽ ብለን...»

«አንቺ በጠርዝ ያዢ እየተባልሽ ያደግሽ ልጅ! እሱ አያውቅም፤ አንቺ ታውቂያለሽ!»

ሰሌዳውን በሁለት እጇ ይዛ ከግድግዳው ነቀለችው። ያደታ ሊያግዛት እጁን ሲዘረጋ «እንዳትነካው!» አለችው። የበሩ ጠባቂ በድንጋጤ ከፈተላት። አስፋልት ዳር ወጥታ ሚኒባስ አስቆመች። ለሰሌዳው የአንድ ሰው ቦታ ከፍላ ጎኗ አስቀመጠችው። አጠገቧ የነበረች ሴት «ውይ፣ እንዴት ያምራል! የት ነው የሚሸጠው?» ስትላት፣ ሰብለወንጌል እስከ ናዝሬት ድረስ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ሄደች።

ሦስት ሳምንት ስልክ አላነሳችም። ያደታ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ «ልጁ በደግ ልቡ ነው ያደረገው፣ ሊያከብርሽ ብሎ ነው» አሏት። ይህቺ ቃል ከሁሉም በላይ አንገበገበቻት።

«ደግ ልብ አይጠይቅም እንዴ?» አለቻቸው። «ስልክ አለው፤ እኔም አለኝ። ደውሎ 'እማማ፣ ልጠባቸው ወይ?' ለማለት ደግነቱ ከለከለው? የሰረቀኝ ቢሆን ፖሊስ ጋር እሄድ ነበር። ስላከበረኝ የት ልሂድ? ንገሩኝ እስቲ።»



ሙጫውን በምን እንደምታስለቅቅ የነገራት የፋርማሲ ባለሙያ ነው። ንጹሕ አሴቶን ገዛች። የፕላስቲክ ሳህን እንደሚያቀልጥ ስለተነገራት የማር ብርጭቆዎችን ሰበሰበች፤ መስኮቶቹን ሁሉ ከፍታ፣ ምድጃ ሳታቀጣጥል፣ በረንዳ ላይ ተቀመጠች። የሰሌዳውን ከፋይ በሳንቲም በሳንቲሙ ዙሪያ በምላጭ ቆራርጣ፣ መጀመሪያ ብትበላሽም የማታሳዝን አንዲት ፍራንክ ነከረች። በሁለተኛው ቀን ሙጫው እንደ ቆዳ ተልጦ ወጣ፤ ቫርኒሹም ሄደ። ውልወላው ግን የትም አልሄደም። የሽቦው ጭረት በጃንሆይ ጉንጭ ላይ እንዳለ ነው፤ ለዚያ የሚሆን መድኃኒት የለም።

በዚህ መሐል ዱሬቲ መጣች። እናቷ ቀና ብላ አላየቻትም።

«ጓንት አድርጊና ቁጭ በይ። በጠርዝ።»

ለሰዓታት ሠሩ። ከዚያ ዱሬቲ ጠርዟ እንደ አበባ የተከረከመ ሃያ አምስት ሳንቲም አንስታ፣ «ይቺ ዓይነ ስውሩ ሰውዬ የሰጡሽ አይደለችም? በዳሰሳ ለይተው?» አለች። እሷው ነበረች። ሰብለወንጌል ወረቀት ቆርጣ ጻፈችው። ሌላም አነሱ። እናት የረሳችውን ልጅ ታስታውሳለች፣ ልጅ ያልሰማችውን እናት ትናገራለች፤ ከሁለት መቶ አርባው የስልሳ አንዱን ታሪክ መለሱ። ለቀሩት «ከማን እንደሆነ ጠፍቷል» ተብሎ ተጻፈ። በሁሉም ጀርባ ላይ ግን ሰብለወንጌል አንድ መስመር ጨመረች፦ «ግንቦት 2016 በአመድና በሽቦ ታጥቧል።»

«ይሄን ለምን ትጽፊዋለሽ እማዬ? በየዓመቱ እያየሽ ልትናደጂ ነው?»

«አዎ። የሆነባት ነገር ነው፤ መጻፍ አለበት። ሰባቱ አረንጓዴዎች ላይም የራሴን ጥፋት ጽፌያለሁ።»

ያደታ ራሱ የመጣው ሐምሌ ላይ ነው፣ ብቻውን፣ ባዶ እጁን። በረንዳው ደፍ ላይ ቆመ።

«እማማ፣ አናጺው ቤት ሄጄ ቀለበቷን ፈልጌያለሁ። የእንጨት ብናኙን ሁሉ በወንፊት ነፋሁት፤ ሁለት ቀን። አላገኘኋትም።»

«እንኳን አላገኘሃት!» አለች ሰብለወንጌል። «ብታገኛት መልሰህ ልትበይዳት ነበር።»

ያደታ በእርግጥም አስቦት ነበር። «አዎ» አለ። «በያጁንም ተነጋግሬው ነበር።»

ከግንቦት ወዲህ ከእሱ የሰማችው የመጀመሪያ እውነተኛ ነገር ይህ ሆኖ ተሰማት። ማርትሬዛዋን ከፖስታዋ አውጥታ፣ በጠርዟ ይዛ፣ ዓይኑ ሥር አቀረበችለት። በላይዋ በተቀረጸችው ንግሥት የደረት ጌጥ ላይ የነበሩት ትንንሽ ዕንቁዎች ከሽቦው የተነሳ ለስልሰው ጠፍተዋል። ሽማግሌ ሁሉ ማርትሬዛን እውነተኛ መሆኗን የሚለየው እነዚያን ቆጥሮ እንደነበር ነገረችው። አሁን የሚቆጠር የለም። ያደታ ጎንበስ ብሎ አያት፤ «አላወቅኩም ነበር» አላለም። ቢል ኖሮ ታባርረው ነበር።

«ይቅርታ እማማ» አለ።

«ሰምቼሃለሁ። አልተውኩልህም።»

ምሳ አቀረበችለት፤ በላ። ሎጁ እንዴት እንደሆነ አልጠየቀችውም፤ እሱም እንድትመጣ አልጋበዛትም። ሲነሳ እናቷን ስታግዝ የዋለችው ዱሬቲ አብራው ወጣች። ሰብለወንጌል ማንንም እንግዳ እስከ ውጭው በር መሸኘት ልማዷ ነው፤ ያን ቀን ግን ከወንበሯ ሳትነሳ ሣጥኑን ቆለፈች፣ ቁልፉንም ጡቷ ሥር ከተተችው።